የወባ ቀለምና የእኛ ላቦራቶሪ

ከጣርማ በር ቁልቁል በደብረ ሲና በኩል ወደ ይፋት ቆላ የወረደ መንገደኛ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ካፖርቱን ማውለቁ አይቀርም። ክረምቱ ወጥቶ ውሃ በየጉድጓዱ ሲያቁር ግን በዚያ አገር የሚያሠጋው ከሙቀቱ ይልቅ ወባ ነው።

ይህን የምንጽፈው ለሕክምና ተማሪዎች ብቻ አይደለም፤ ነገሩ የኬሚስትሪም ነው። ከበሽተኛው ጣት የተወሰደው የደም ጠብታ ቀለም ካልተቀባ ተሐዋሲው በማይክሮስኮፕ ተለይቶ አይታይም። የሚገልጠው ጉስታቭ ጊምዛ በ1904 (ዘመኑን በአውሮጳ አቆጣጠር እንጽፋለን) ያሻሻለው፣ ሜቲሊን ብሉ፣ አዙርና ኢዮሲን ያሉበት ቀለም ነው። በሜቲሊን ብሉ ሞለኪውል ውስጥ ነጠላና ድርብ ቦንዶች እየተፈራረቁ ስለ ተደረደሩ በላያቸው የተዘረጉት ኤሌክትሮኖች ቀዩን ብርሃን ይውጣሉ፤ የተረፈው ለዓይናችን ሰማያዊ ይሆናል። ኦሬጋንና ግሬትሴል በ1991 በቀለም የሚሠራውን የፀሐይ ኤሌክትሪክ ሴል ያሳዩት በዚሁ ብርሃን የመዋጥ ጠባይ ነው።

ዊልያም ፐርኪን በ1856 ሐምራዊውን ሰው ሠራሽ ቀለም ያገኘው የወባውን መድኃኒት ኪኒን ለመሥራት ሲሞክር ነበር። ዕድሜው 18 ዓመት ነበርና ከብዙዎቻችን ያንሳል!

በአገራችን ፋልሲፓረምም ቫይቫክስም አሉ። ፋልሲፓረም ፈጥኖ ይገድላል፤ ቫይቫክስ በጉበት ተደብቆ ከወራት በኋላ ይመለሳል። መድኃኒታቸውም አንድ አይደለም። ፈጣን መመርመሪያ መጥቷልና ቀለም ምን ያደርጋል የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን መመርመሪያው የሚፈልገውን ፕሮቲን የማይሠሩ የፋልሲፓረም ተሐዋስያን በኢትዮጵያ መገኘታቸው በ2021 ታትሟል። እንዲህ ያለውን ተሐዋሲ መመርመሪያው ሊያልፈው ይችላል፤ በደንብ የተቀባ ደም ግን ያሳየዋል።

በደንብ መቀባት ደግሞ እንደ ስሙ ቀላል አይደለም። የውሃው ፒኤች ወደ 7.2 ካልተስተካከለ ቀለሙ ይዛባል። በውሃ የተበረዘው ቀለም በዕለቱ ካልተሠራበት ይበላሻል። ሳይጣራ የቀረ ዝቃጭም ተሐዋሲ መስሎ መርማሪውን ያሳስታል። ይህ ሁሉ የመጀመሪያ ዓመት ኬሚስትሪ ነው፤ እኛ ግን ፒኤችን ለፈተና እናሰላለን፣ በባዮሎጂ ክፍል ደግሞ ሌላ ሰው ቀብቶ ያደረቀውን ብርጭቆ እናያለን። ሁለቱን የሚያገናኝ ትምህርት አላገኘንም።

ስለዚህ የኬሚስትሪና የባዮሎጂ መምህራኖቻችን በአንድነት አንድ የላቦራቶሪ ልምምድ እንዲያዘጋጁልን እንጠይቃለን፤ ተማሪው ቀለሙን ራሱ በርዞ፣ አጣርቶ፣ ደሙን ቀብቶ፣ ሁለቱን ተሐዋስያን ለይቶ ያሳይ። የይፋት ልጆች የሆኑ ጓደኞቻችንም ለዕረፍት ሲወርዱ፣ የጤና ጣቢያው ሠራተኞች ከፈቀዱላቸው፣ የውሃውን ፒኤች በመለካት ሊረዱ ይችላሉ። ፈቃደኞች ስማቸውን ለማኅበሩ ጸሐፊ ይስጡ።