አሥር ናሙና በአንድ ምርመራ

በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ወቅት የሐኪሞችንና የነርሶችን ድካም ሁላችንም አይተናል። በየቤታቸው ሆነው በኢንተርኔት ተገናኝተው የሠሩ የሒሳብ ባለሙያዎች ያበረከቱትን ግን ብዙዎቻችን አናውቅም። የእንግሊዙ ሮያል ሶሳይቲ በመጋቢት 2012 ዓ.ም ጥሪ ሲያቀርብ፣ ከሌላ መስክ የመጡ የስሌት ባለሙያዎች የወረርሽኙን ስርጭት ከሚያጠኑ ጋር በርቀት ተባብረዋል። በሩዋንዳም የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ተቋም ተመራማሪዎች ከአገሪቱ የጤና ባለሙያዎችና በውጭ ካሉ አጋሮቻቸው ጋር ሆነው የምርመራ ወጪን የሚቀንስ ስሌት አዘጋጅተዋል። ጥናታቸው እ.ኤ.አ. በ2020 በ‹ኔቸር› መጽሔት ወጥቷል።

የሐሳቡ መነሻ የቆየ ነው። አሜሪካዊው ሮበርት ዶርፍማን እ.ኤ.አ. በ1943 ለውትድርና ምልምሎች የቂጥኝ ምርመራ ያቀረበው ዘዴ ነው። በምሳሌ እንመልከተው። ከ100 ሰዎች መካከል በቫይረሱ የተያዘው አንድ ብቻ ነው እንበል። ሁሉንም ለየብቻ ለመመርመር 100 ምርመራ ያስፈልጋል። የአሥር የአሥር ሰው ናሙና እየተቀላቀለ ቢመረመር ግን፣ በ10 ምርመራ ዘጠኙ ቡድኖች ነፃ መሆናቸው ይታወቃል። የቀረውን ቡድን አባላት አንድ በአንድ ለመለየት ሌላ 10 ይጨመራል፤ በድምሩ 20 ይሆናል። የሩዋንዳው ስሌት ደግሞ አንዱን ናሙና በተለያዩ ቡድኖች ውስጥ በማስገባት ቁጥሩን ይበልጥ ይቀንሳል።

ይሁን እንጂ የተያዙት 10 ሆነው በየቡድኑ አንድ አንድ ቢገኙ፣ የሚያስፈልገው ምርመራ 110 ይሆናል። ዘዴው የሚጠቅመው በሽታው ሳይስፋፋ ነው።

ታዲያ ይህ ለእርስዎ ምን ማለት ነው? በመጀመሪያ፣ በቡድንዎ ናሙና ውስጥ ቫይረስ ቢገኝ እርስዎ ተይዘዋል ማለት አይደለምና አይደናገጡ፤ የግል ውጤትዎ እስኪታወቅ ግን ከሰው ይራቁ። ሁለተኛ፣ ናሙና ሲቀላቀል ስለሚሳሳ ጥቂት ቫይረስ ሊያመልጥ ይችላል። ነፃ ነዎት ተብለውም ትኩሳት ወይም ሳል ካለብዎት ለሐኪም ይንገሩ፤ እንደገና ይመርመሩ። ሦስተኛ፣ እጅዎን በሳሙና መታጠብን፣ ማስክ ማድረግንና ሲታመሙ ቤት መቆየትን ቸል አይበሉ። የተያዘው ሰው ጥቂት ሲሆን ያለው ምርመራ ለብዙ ሰው ይዳረሳል፤ የሒሳብ ሊቃውንቱም ስሌት የሚሠራው ያኔ ነው።