ለላብ ብቻ ክሬዲት አይቆረጥም

መቼም በገበያ ሳይመዘን ዋጋ የሚቆረጥለት ዕቃ የለም፡፡ ተማሪ ኅብረተሰቡን አገልግሎ የሚያገኘው የኮሌጅ ክሬዲትም ሚዛን ያስፈልገዋል እንላለን፡፡

ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም፡፡ በቀድሞው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪው አንድ ዓመት ሳያገለግል ዲግሪ አይሰጠውም ነበር፡፡ አብዛኛው ያገለገለው ክፍለ ሀገር ወርዶ በማስተማር ነው፡፡ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ አገልግሎቱን ከትምህርቱ ጋር አዋህዶታል፡፡ ተማሪው ወደ ነዋሪው ይወጣል፣ ቤት ለቤት ይጠይቃል፣ ችግሩን ለይቶ መፍትሔ ይሞክራል፣ ሪፖርት ጽፎ ይመዘናል፡፡

ቁም ነገሩም እዚህ ላይ ነው፡፡ 40 ሰዓት ችግኝ የተከለ ተማሪ 40 ሰዓት ሠርቷል፤ ተምሯል ማለት ግን አይደለም፡፡ ችግኙ ለምን ደረቀ? ውኃ ማጠጣቱ የማን ድርሻ ነበር? እኔስ የት ላይ ተሳሳትኩ? ብሎ ሲጽፍና መምህሩ ሲያርመው ነው ክሬዲት የሚገባው፡፡ አለበለዚያ ተማሪው ጉልበቱን በነፃ ሰጠ፣ ወላጅ ላልተሰጠ ትምህርት ከፈለ፣ ቀጣሪውም ባዶ ውጤት ገዛ ማለት ነው፡፡

ስለዚህ ክሬዲት የሚሰጥ ኮሌጅ የሰዓት ፊርማ ብቻ አይሰብስብ፡፡ ቀጣሪዎችም “ስንት ሰዓት አገለገልክ?” ከማለት ይልቅ “ምን ተማርክበት?” ብላችሁ ጠይቁ፡፡ ገዢ ሲጠይቅ ሻጭ ይጠነቀቃልና!