እሳት የማይበላው ወረቀት

ወረቀት ሲባል ለእኛ ቀድሞ የሚታወሰን ጋዜጣ ነው። ጋዜጠኝነት ተምረን የወጣን ልጆች ስለሆንን አይፈረድብንም። ሰሞኑን ግን የኤሌክትሪክ ምድጃ የሚጠገንበት አንድ ወርክሾፕ ጎራ ብለን ሌላ ዓይነት ወረቀት አየን። ነጭ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ በመቀስ ይቆረጣል። ባለሙያው ላይተር ለኮሰበትና "አያችሁ? እሳት አይበላውም!" አለን በኩራት። ትንሽ ጨሰ እንጂ አልነደደም።

ነገሩ አስማት አይደለም፤ ሴራሚክ ወረቀት ይባላል። አሉሚናና ሲሊካ አንድ ላይ ቀልጠው በአየር ግፊት እንደ ጥጥ ቀጭን ክር ይሆናሉ። ክሩ በውሃ ተበጥብጦ፣ በማጣበቂያ ተይዞ፣ እንደ ተራው ወረቀት ይዘረጋል። ጭሱ የማጣበቂያው ነበር፤ መጀመሪያ ሲሞቅ ተቃጥሎ ያልቃል። የተለመደው ዓይነት በ1260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደረጃ የተመደበ ሲሆን ኤሌክትሪክም አያስተላልፍም። ስለዚህ በሚግለው ሽቦና በብረቱ አካል መካከል ይገባል፣ የምድጃ በር ይታሸግበታል፣ የቀለጠ አሉሚኒየም የሚፈስበት ቦይ ይለበስበታል። ድሮ ይህን ሥራ ይሠራ የነበረው አስቤስቶስ ነው። አስቤስቶስ ካንሰር እንደሚያመጣ ከታወቀ በኋላ ቦታውን ከወረሱት አንዱ ይኸው ወረቀት ነው።

እስከዚህ ድረስ እኛም አጨበጨብን።

ከዚያ ባለሙያው የአሮጌ ምድጃ ሽፋን መገንጠል ጀመረ። አቧራው በመስኮት በሚገባው ፀሐይ ላይ ሲጨፍር ይታያል። ማስክ የለም። አጠገቡ ያለው ልጅ ወለሉን በደረቁ ይጠርጋል። "አይጎዳችሁም?" ብንል "ያሳክካል እንጂ ምንም አይል" ተባልን።

ማሳከክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍን። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ግምገማ ይህን ክር በሰው ላይ ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ከሚላቸው ተርታ አስቀምጦታል። ዋናው ማስረጃ የመጣው ከእንስሳት ሙከራ ነው፤ ስለዚህ ከአስቤስቶስ እኩል ነው አንልም። የአውሮፓ ኅብረት ግን በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ሠራተኛ በሚተነፍሰው አየር ውስጥ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ0.3 ክር በላይ እንዳይኖር ወስኗል። ይባስ ብሎ ክሩ ከ1000 ዲግሪ በላይ ለረጅም ጊዜ ሲግል ክሪስቶባላይት የተባለ ሲሊካ ይፈጠርበታል። የዚህ ብናኝ ደግሞ "ሊያመጣ ይችላል" የሚባልለት ሳይሆን ካንሰር አምጪነቱ የተረጋገጠ ነው። እንግዲህ አዲሱን ከመቁረጥ ይልቅ አሮጌውን መገንጠል ይበልጥ ያስፈራል ማለት ነው።

"እንጀራ ይቀድማል፣ ድሃ በምን አቅሙ?" የሚሉን አይጠፉም። እኛም ወረቀቱ ይታገድ አላልንም። ከመገንጠል በፊት ውሃ መርጨት ስንት ብር ይፈጃል? በደረቁ ከመጥረግ በእርጥብ ጨርቅ መወልወልስ? ብናኝ የሚያጣራ ማስክ መግዛት ደግሞ የሠራተኛው ዕዳ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብና አጠቃቀሙን እንዲያስተምር ያስገድዳል። አስመጪዎችም ሳንባ ውስጥ ቶሎ የሚሟሟ፣ ከካልሲየምና ማግኒዥየም ሲሊኬት የተሠራ ተተኪ ክር እንዳለ ይወቁት። ሙቀቱ ለሚፈቅድለት ሥራ እሱን ቢያመጡ ምን ይጎድላቸዋል?

ከሁሉ የቆጨን ግን ሌላ ነው። ማስጠንቀቂያው ካርቶኑ ላይ ተጽፏል፤ በእንግሊዝኛ! በየቀኑ ካርቶኑን የሚከፍተው ልጅ አያነበውም። የእኛ ሙያ ጽሑፍ አይደል? በአማርኛ ገልብጠን ግድግዳው ላይ ለጠፍንላቸው፤ በተራው፣ እሳት በሚበላው ወረቀት። ባለሙያው ሁለቴ አነበበውና "አሥር ዓመት ሙሉ የነገረኝ የለም" አለ።

እናንተስ እንዲህ ያለ ወርክሾፕ የምታውቁት የለም? ካለ ንገሯቸው። ሳይቃጠል በቅጠል!

ቸር ይግጠመን።