ስለ ሽቦ አልባ መለኪያና ስለ ትምህርት ቤት እርሻ

የአገር አስተዳደርና የእርሻ ነገር በእጃችሁ ያለ ክቡራን ሆይ!

በአውሮፓ አቈጣጠር በ2016 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ቢቢሲ የተባለው ማሰራጫ ከማኅበርተኞቹ ጋራ ሆኖ ማይክሮ ቢት የምትባል ትንሽ ኮምፒዩተር እስከ 1 ሚሊዮን ለሚደርሱ ተማሪዎች በነፃ ማደል ጀመረ። ይህች መሣሪያ ከእጅ መዳፍ ታንሳለች፤ ነገር ግን ሙቀትን ትለካለች፤ የለካችውንም ያለ ሽቦ በራዲዮ ለባልንጀራዋ ታስተላልፋለች። ሁለት ምስማር አያይዘው በመሬት ቢተክሉላት፤ እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር ይልቅ ኤሌክትሪክን አብልጦ ስለሚያሳልፍ፤ የአፈሩን እርጥበት በቍጥር ታመለክታለች።

ሴንሰር የሚባለው እንዲህ ያለ መለኪያ ለተማሪ ያለው ጥቅም ግልጽ ነው። በየ10 ደቂቃው ቢለካ በአንድ ቀንና ሌሊት 144 ቍጥር ይሰጣል፤ ልጁ ተኝቶ ሳለ የሌሊቱን ብርድ ይመዘግብለታል። ዶማ የሚቈርጠው፤ ከብትም የሚያደናቅፍ ሽቦ የለበትም።

ዳሩ ግን መሣሪያ የተናገረው ሁሉ እውነት አይደለም። ከምስማሩ የሚገኘው ቍጥር ከ0 እስከ 1023 የሚወጣና የሚወርድ ምልክት ነው እንጂ የውሃ ልክ አይደለም። አፈሩ ጨው ቢበዛበት ውሃ ሳይጨመር ቍጥሩ ከፍ ይላል፤ ምስማሩም ሲዝግ ይለወጣል። ስለዚህ ተማሪው አስቀድሞ በሚዛን ይማር። ከምስማሩ አጠገብ 100 ግራም አፈር ያንሣ፤ በ105 ዲግሪ ሙቀት 24 ሰዓት ያድርቀው፤ እንደገናም ይመዝነው። 80 ግራም ቢቀር የጠፋው 20 ግራም ውሃ ነው፤ ይኸውም ከደረቁ አፈር ክብደት ከመቶ 25 እጅ ነው። ይህን ደጋግሞ ከመሣሪያው ቍጥር ጋራ ካስተያየ በኋላ መሣሪያው ይታመናል።

«መሣሪያው ራሱ እየነገረን ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» የሚል ሰው አይታጣም። ሳይመዘን የታመነ ቍጥር ግን አባይ ሚዛን ነው። ገበሬ በእርሱ ተመርቶ መስኖውን ቢዘጋ ቡቃያው ይደርቅበታል፤ አብዝቶ ቢለቅም ሥሩ ይበሰብሳል፤ የጎረቤቱም ተራ ውሃ ይባክናል።

እንግዲህ ለትምህርት ቤት ሴንሰር ስትገዙ ሚዛንና ማድረቂያ ምድጃ አብራችሁ ግዙ፤ ልጆቹ የሚዘሩበትንም ቍራሽ መሬት ስጡ፤ መሣሪያው በዕቃ ቤት ተቈልፎ አይክረም። ገንዘቡ ለሁሉ ካልበቃ፤ ብዙ መሣሪያ ያለ ሚዛን ከመግዛት ጥቂት መሣሪያ ከሚዛን ጋራ መግዛት ይሻላል። መመርመርንና መመዘንን የተማረ ልጅ ነገ በመስኖ ዳር አባቱን ሲመክር በእውነት ይመክራልና።