የሻይ ቤት ጌጥና የነጋዴ ጥንቃቄ

ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በዱርቤቴ ከተማ ሻይ ቤት የሚከፍት ነጋዴ፥ ቤቱን በፕላስቲክ ወንበር ከሚሞላ በበርጩማ፥ በመሶብና በቆየ ጀበና ቢያስጌጠው መንገደኛው ዐረፍ ብሎ ሁለተኛ ብርጭቆ ማዘዙ አይቀርም። የውሽውሽ ሻይና የዘጌ ቡናም በዚያው ስም ያገኛሉ።

ነገር ግን ቅርስ እንደ ስኳርና እንደ ጨው የሚነገድ ዕቃ አይደለም። እንግዳው የወደደውን ጥንታዊ ዕቃ ዋጋ ጨምሮ ቢጠይቅ ባለቤቱ ለገንዘቡ መቸኮል አይገባውም። በ1992 ዓ.ም. ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ከልክሏል። ከየት እንደ መጣ የማይታወቅ መስቀል ወይም የብራና መጽሐፍ ደግሞ ከቶ መግዛት አይገባም።

ስለዚህ አሮጌው ዕቃ በቤቱ ይቆይ፤ ለሽያጭ ግን የዛሬው ሸማኔና ሸክላ ሠሪ ሥራ ይቅረብ። የተሸጠ ቅርስ የሚያተርፈው አንድ ጊዜ ነው፤ በቦታው የቆየ ግን ደንበኛ ሲጠራ ይኖራል።