የሚጠይቅ ከሌለ የሚመልስ የለም
ስለ ትይዩ ካቢኔያችን ለሀዋሳ መራጮች የተሰጠ ማብራሪያ



በየምርጫው አንድ ጥያቄ ታነሱልናላችሁ፦ «ድምፃችንን ሰጥተናችሁ ባታሸንፉ ድምፃችን ሜዳ ላይ አይቀርም ወይ?» ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛ ተቃዋሚዎች እስከ ዛሬ በቂ መልስ አልሰጠንበትም። ከምርጫ ማግስት መግለጫ እናወጣለን፣ እናወግዛለን፣ ከዚያም እስከሚቀጥለው ምርጫ ድምፃችን ይጠፋል። ይህ የራሳችን ጥፋት ስለሆነ አናድበሰብሰውም። የዛሬው መልሳችን ግን ግልጽ ነው። ብናሸንፍ ክልሉን እናስተዳድራለን፤ ብንሸነፍ ባገኘነው ወንበር ልክ በክልሉ ምክር ቤት ውስጥ ትይዩ ካቢኔ እናቆማለን።

ትይዩ ካቢኔ ማለት የተቃዋሚው ፓርቲ መሪ ከምክር ቤት አባላቱ መካከል ለእያንዳንዱ የመንግሥት ቢሮ አንድ ተጠሪ የሚመድብበት አሠራር ነው። ለገንዘብ፣ ለጤና፣ ለውሃ፣ ለትምህርት ተጠሪ ይኖረዋል። የቢሮ ኃላፊው ሪፖርት ባቀረበ ቁጥር ተጠሪው ቁጥሩን ይመረምራል፣ የጎደለውን ይጠይቃል፣ «እኛ ብንሆን ይህን እናደርግ ነበር» ብሎ አማራጩን ያስመዘግባል። በሌላው ዓለም «የጥላ ካቢኔ» የሚባለው፣ ጥላ ከባለቤቱ እንደማይለይ ሁሉ ተጠሪውም ከቢሮው ስለማይለይ ነው።

እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1937 ዓ.ም. ባወጡት ሕግ ለዋናው ተቃዋሚ ፓርቲ መሪ ከመንግሥት ካዝና ደሞዝ ቆርጠውለታል። መንግሥትን መጠየቅ ለአገር የሚሰጥ አገልግሎት ነው ብለው አምነዋልና! ስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ1999 የራሷን ምክር ቤት ስታቋቁም የስኮትላንድ ብሔራዊ ፓርቲ በተቃዋሚ ወንበር ተቀመጠ። 8 ዓመት ጠየቀ፣ ተከራከረ፣ ሥራውን ተማረ። በ2007 ከ129 ወንበሮች 47 አግኝቶ፣ ተቀናቃኙን በአንድ ወንበር ብቻ በልጦ መንግሥት መሠረተ። እነዚያን 8 ዓመታት የደገፈው መራጭ ድምፁ ባክኗል የሚል ማነው?

እኛም ለመጠየቅ እንግዶች አይደለንም። የሲዳማ ሽማግሌዎች በሶንጎ ተቀምጠው ጉዳይ ሲያዩ «አፊኒ?»፣ ማለትም «ሰምታችኋል ወይ?» ይባባላሉ። ሁሉም ሳይሰማና ሳይመክር ውሳኔ አይጸናም። ህዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ ክልል የሆነ ሕዝብ፣ አባቶቹ በዛፍ ጥላ ሥር የነበራቸውን የመጠየቅ ወግ በምክር ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ሊያጣ አይገባም።

የአገራችን መዝገብ ምን ይላል? በ1997 ዓ.ም. ተቃዋሚዎች በርካታ ወንበር ሲያገኙ፣ ተሰናባቹ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 20 አባላት አጀንዳ ማስያዝ ይችሉበት የነበረውን ደንብ ለውጦ ከግማሽ በላይ የአባላት ድጋፍ እንዲጠየቅ አደረገ። በ2002 ዓ.ም. ከ547 ወንበሮች 545ቱ በኢህአዴግና በአጋሮቹ ተያዙ። በ2007 አንድም አልቀረም። በ2013 ብልጽግና ውጤታቸው ከተገለጸ 436 ወንበሮች 410 ወሰደ። ስማችን «ተፎካካሪ» ተብሎ ቢለሳለስም ወንበሩ አልተለሳለሰም።

«ታዲያ ለምን ገብታችሁ ከውስጥ አትሠሩም?» የሚሉን አሉ። መስከረም 26 ቀን 2014 ዓ.ም. የኢዜማው ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ፣ የአብኑ አቶ በለጠ ሞላና የኦነጉ አቶ ቀጄላ መርዳሳ የፌዴራል ሚኒስትሮች ሆነው ተሹመዋል። ቅንነታቸውን አንጠራጠርም። ነገር ግን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 72 የሚኒስትሮች ምክር ቤት አባላት በጋራ ለሚሰጡት ውሳኔ የጋራ ኃላፊነት እንዳለባቸው ይደነግጋል። በጋራ የወሰነ ሰው ውሳኔውን ከፊት ለፊት ቆሞ ሊጠይቅ አይችልም። ገዥው ፓርቲ አንድ ወንበር ሰጥቶ ብዙ ጥያቄ ይገላገላል። እኛ ይህን ንግድ አንነግድም።

ስለሆነም ለሀዋሳ መራጭ የሚከተለውን ቃል እንገባለን፦

1ኛ. በጀት። የክልሉ በጀት ለምክር ቤት በቀረበ ቁጥር አማራጫችንን በሲዳምኛና በአማርኛ አትመን እናሰራጫለን። የመምህሩ ደሞዝ፣ የጤና ጣቢያው መድኃኒት ከየትኛው ርዕስ እንደሚወጣ ማንም አንብቦ ይረዳዋል።

2ኛ. ሥራ። የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ለወጣቱ ትልቅ ተስፋ ተሰጥቶ ነበር። አገራችን ከታኅሣሥ 2014 ጀምሮ ከአጎዋ ስትታገድ ጫናው የወደቀው ቤት ተከራይታ፣ ከደሞዟ ቆጥባ ለወላጅ በምትልክ ሠራተኛ ላይ ነው። የሥራ ጉዳይ ተጠሪያችን ስንት ሰው ተቀጠረ፣ ስንት ሰው ወጣ፣ የወጡትስ የት ደረሱ ብሎ በየጉባኤው ይጠይቃል።

3ኛ. ሐይቅ። የሀዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም፤ የገባበት ቆሻሻ ከእኛው ጋር ይኖራል። ከከተማውና ከፋብሪካ ወደ ሐይቁ ስለሚገባው ፍሳሽ የምርመራ ውጤት ለሕዝብ ይፋ እንዲሆን እንታገላለን።

4ኛ. መሬት። የሊዝ ጨረታና ምደባ ለማን፣ በስንት፣ በምን መስፈርት እንደተሰጠ በዝርዝር ለምክር ቤቱ እንዲቀርብ እንጠይቃለን።

5ኛ. የራሳችን ገደብ። ከትይዩ ካቢኔያችን አባል መካከል የመንግሥት ሹመት የሚቀበል ቢኖር አስቀድሞ የምክር ቤት ወንበሩን ይለቃል፤ ወንበሩ የመራጩ ነውና።

ውድ መራጮች፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 18 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት አንድ ሦስተኛው ሲጠይቁ ምክር ቤቱ በአስፈጻሚው ሥልጣን ላይ እንዲወያይ ያዛል። በአንቀጽ 50 ደግሞ የክልል ምክር ቤት የክልሉ ከፍተኛ የሥልጣን አካል፣ ተጠሪነቱም ለክልሉ ሕዝብ ነው ይላል። ሕጉ በሩን ከፍቷል፤ የጠፋው በበሩ የሚገባ ሰው ነው። ግማሹን ወንበር ብትሰጡን መንግሥት እንሆናለን፤ ሲሶውን ብትሰጡን መንግሥትን እናናግራለን። ጥቂት ወንበር ብቻ ብትሰጡንም በጀቱ ሳይነበብ፣ ሹሙ ሳይጠየቅ እጅ አይወጣም። የሰጣችሁን ድምፅ ሜዳ ላይ አይቀርም።

የሚጠይቅ ምክር ቤት ለሲዳማ!
የሚመልስ መንግሥት ለሀዋሳ!

የፓርቲው ጽሕፈት ቤት
ሀዋሳ