የቃር ክኒንና የድንገተኛ መከላከያ፦ አንድ ሕግ፣ ሁለት ሚዛን

እ.ኤ.አ. በሰኔ 2003 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የጨጓራ አሲድን የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል፣ «ፕሪሎሴክ» በሚል የንግድ ስሙ፣ ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዲሸጥ ፈቀደ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የተቋሙ አማካሪዎች «ፕላን ቢ» የተባለውም ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ ያለ ማዘዣ እንዲሸጥ 23 ለ4 በሆነ ድምፅ ደገፉ። ሁለቱም ዓይነት መድኃኒቶች ለኢትዮጵያ ከተሞች መድኃኒት ቤቶች እንግዳ አይደሉም። በአሜሪካ ግን የቃሩ ክኒን ወዲያው ክፍት መደርደሪያ ላይ ሲወጣ፣ ሌላው እዚያው ለመድረስ አሥር ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል።

ልዩነቱን መድኃኒቶቹ ራሳቸው አያስረዱትም። ያለ ማዘዣ የሚሸጥ መድኃኒት የሚመዘነው ገዢው ችግሩን ራሱ ለይቶ ማወቅ ይችላል ወይ፣ መመሪያውን አንብቦ በትክክል ይወስደዋል ወይ፣ ቢሳሳትስ ጉዳቱ ምን ያህል ነው በሚሉ ጥያቄዎች ነው። በዚህ ሚዛን ይበልጥ የሚያሳስበው የጨጓራው ክኒን ነው። ቃር የሚመስል ስሜት የቁስለት፣ አልፎ አልፎም የካንሰር ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ክኒኑ ስሜቱን እያስታገሰ በሽታውን ሊሸፍን ይችላል። አማካሪዎቹም በ2000 ኦሜፕራዞልን ሳይደግፉት ቀርተው ነበር። ኋላ ለስጋቱ መልስ የሆነው በማሸጊያው ላይ የሰፈረው ጽሑፍ ነው፦ በቀን አንድ ክኒን፣ ለ14 ቀናት ብቻ፣ በ4 ወር ውስጥ ሳይደገም፤ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሐኪም ያማክር። ይህን ዕድሜ ግን ገንዘብ ተቀባዩ በመታወቂያ አያጣራም።

ሌቮኖርጀስትሬል የተባለው የድንገተኛው መከላከያ ሆርሞን በዋናነት የሚሠራው እንቁላል እንዳይወጣ በማዘግየት ነው፤ የተጀመረ እርግዝናን አያቋርጥም። ችግሩን ለይቶ ለማወቅም ሐኪም አያስፈልግም፤ የደረሰባት ሴት ራሷ ታውቀዋለች። ዋናው ጉዳይ ሰዓቱ ነው። ክኒኑ በ72 ሰዓት ውስጥ መወሰድ አለበት፤ በቶሎ ሲወሰድ ይበልጥ ይሠራል። ኦሜፕራዞል በአንጻሩ ሙሉ ውጤቱን ለማሳየት እስከ 4 ቀን ሊፈጅ እንደሚችል ማሸጊያው ራሱ ይናገራል። ቃር ያለበት ሰው ቅዳሜና እሑድን ታግሶ ሰኞ ሐኪም ዘንድ ቢሄድ የሚያጣው ምቾቱን ነው። ዓርብ ማታ መከላከያ ለምትፈልግ ሴት ግን እስከ ሰኞ መጠበቅ ዕድሉን ማሟጠጥ ነው።

አስተዳደሩ በግንቦት 2004 የ«ፕላን ቢ»ን ማመልከቻ የመለሰው ከ16 ዓመት በታች ስላሉ ልጃገረዶች በቂ መረጃ የለም በማለት ነበር። የአሜሪካ ምክር ቤት የምርመራ ክንድ የሆነው የመንግሥት ተጠያቂነት ጽሕፈት ቤት በ2005 ባወጣው ሪፖርት፣ ከ1994 እስከ 2004 ከታዩት 67 መሰል ውሳኔዎች መካከል አማካሪዎች ደግፈውት ሳይፈቀድ የቀረው ይህ ብቻ መሆኑን ገልጿል። የተቋሙ የሴቶች ጤና ኃላፊ ሱዛን ውድም በዚያው ዓመት ሥራቸውን በተቃውሞ ለቀቁ። በ2006 ለ18 ዓመትና ከዚያ በላይ ቢፈቀድም፣ ክኒኑ ከባንኮኒ ጀርባ ሆኖ መታወቂያ እየታየ ነበር የሚሸጠው።

መዘግየቱ የአንድ ፓርቲ ሥራ ብቻ አልነበረም። በ2011 የዕድሜ ገደቡ ይነሣ ያሉትን ኮሚሽነር ማርጋሬት ሀምበርግን ውሳኔ የሻሩት የጤና ሚኒስትሯ ካትሊን ሲቤሊየስ ናቸው፤ ፕሬዚዳንት ኦባማም እንደ ሴት ልጆች አባት ደግፈዋቸዋል። የወላጆች ስጋት ከንቱ አይደለም፤ መከላከያ የምትፈልግ ትንሽ ልጅ ጥቃት ደርሶባት ሊሆን ይችላልና። ይሁንና ይህ የልጆች ጥበቃ ጥያቄ እንጂ የክኒኑ ደኅንነት ጥያቄ አይደለም፤ ክኒኑን መከልከልም ልጅቷን አይጠብቃትም። ገደቡ የተነሣው ዳኛ ኤድዋርድ ኮርማን ካዘዙ በኋላ፣ በሰኔ 2013 ነው።

በእነዚያው ዓመታት አስተዳደሩ እንደ ኦሜፕራዞል ያሉ መድኃኒቶችን ለረጅም ጊዜ መውሰድ ከአጥንት ስብራትና ከማግኒዥየም እጥረት ጋር ሊያያዝ እንደሚችል አስጠንቅቋል። ከመደርደሪያ እንዲነሡ ግን አላዘዘም።